የአያ ደረበ ግድብ

ቀድሞ የያዘኝ ድምፁ ነው። ከሚኒባሱ ወርደን የባሕር ዛፉን ጥሻ ገና ሳናልፍ፣ ውኃው ከገደሉ ሥር ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው የታፈነ ጉርምርምታ በጫማዬ ገብቶ ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ሽታው ተከተለው፤ የረጠበ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ከዚያም ሥር ከጓደኞቼ አንዱም ያልሸተተው የረጠበ ዱቄት። እዚያ ቦታ ዱቄት ከታየ ዐርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ለእኔ ግን ሸተተኝ።

ይዘውኝ የመጡት ባሕር ዳር አብረውኝ የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት አንድ ቀን እንዝናና ተባለ። ሐሙሲት ላይ ቁርስ በልተን ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወጣቶች የሚያስጎበኙት ፏፏቴ እንዳለ አንዷ ከስልኳ ላይ አነበበችልን።

"ያንቺ አገር አይደለም እንዴ፣ የሺ? እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽንም?" አለችኝ።

"ረስቼው ነው" አልኩ። አልረሳሁትም።

ቦታው አጥር ተበጅቶለታል። መግቢያው ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ "ወደ ወፍጮ ፏፏቴ እንኳን ደህና መጡ" ይላል። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ለስላሳ የተነከረበት ባልዲ፣ ከውኃው ጋር እልህ የተጋባ የድምፅ ማጉያ። ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ወጣት ቁልቁል እየመራን ወረደና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይህ ፏፏቴ ከፍጥረት ጀምሮ ያለ የተፈጥሮ ሀብታችን ነው" አለ።

"ታዲያ ስሙ ለምን ወፍጮ ሆነ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ሲወርድ እንደ ወፍጮ ስለሚያጓራ ነው፣ እትዬ።"

"ግድብ አልነበረበትም?"

"ኧረ በጭራሽ! ተፈጥሮ ነው።"

አልፈረድኩበትም፤ እሱ ሳይወለድ የሆነ ነገር ነው። ጓደኞቼ ፎቶ ሲነሡ እኔ ከውኃው ግራና ቀኝ ያለውን አየሁ። ሣር የለበሱ ሁለት የግንብ ጉማጆች በየዳርቻቸው ቆመዋል። ጠጋ ብሎ ላያቸው ድንጋዩ ጠርዝ አለው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ተፈጥሮ ድንጋይ በመዶሻ አትጠርብም። ውኃው የሚወርደው በሁለቱ ጉማጆች መሐል፣ ግንቡ በነበረበት ቦታ ነው። እኔ ይህ ፏፏቴ ሲወለድ አይቻለሁ። ግንቡን የሠራው አያ ደረበ ይባላል፤ እስከ ዛሬ የምጠላው ሰው እሱ ነው። በሕይወቱ ሳለ "አንቱ" እለው ነበር፤ በእኛ አገር ትልቅ ሰውን "አንተ" ያለ ልጅ በጥፊ ነው የሚመለሰው። አሁን ግን እሱ ሞቷል፣ እኔም ፀጉሬ ሸብቷል፤ እንደ ልቤ "እሱ" ልለው ነው።

አያ ደረበ የውኃ ወፍጮ ባለቤት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ያረጀ ይመስላል፤ ነገር ግን ዱቄት ነው እንጂ ሽበት አይደለም። ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ ከጆሮው የወጣው ፀጉር ሳይቀር ነጭ ነው። በዚያ ነጭ ፊት መሐል ሁለት የቀሉ ዓይኖች ይንከራተታሉ። ወፍጮው ጆሮውን ስላደነቆረው ሰው የሚያናግረው በጩኸት ነበር፤ ጆሮው ደህና ቢሆንም የሚቀር ጩኸት ግን አልነበረም። ሴቶች እህል ተሸክመው፣ አቀበትና ቁልቁለቱን ጨርሰው ላብ በላብ ሆነው ሲደርሱ "ደግሞ መጣችሁ!" እያለ ነው የሚቀበላቸው። እርጉዝ አይል፣ አሮጊት አይል፣ ተራ የሚሰጠው እንደ ደስታው ነው። አንዲት አራስ ጠዋት መጥታ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አስቀምጦ "ነገ ነይ" ብሎ ሲመልሳት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጡቷ ፈስሶ ቀሚሷን አርሶት ነበር። ግድቡ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ካገኘ ልብሷን በዱላው እያነሳ ወደ ወንዙ ይወረውረዋል። እኛን ልጆችንማ የሚያባርረን በድንጋይ ነው፤ ዒላማውም አይስትም። ሚስቱ ጥላው ይፋግ ወላጆቿ ዘንድ ከገባች ቆይታለች። ልጅ የለውም። ውሻ እንኳ አልነበረውም። ሴቶቹ ተራ ሲጠብቁ በሹክሹክታ "ውሻስ ቢሆን ምን በወጣው?" ይባባሉ ነበር።

ወፍጮውን መጥላት ግን አልቻልኩም ነበር። ቤቱ የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት ነው። ተፈልፍሎ የተሠራ የእንጨት አሸንዳ ውኃውን ከግድቡ ላይ ቁልቁል ያመጣና ከቤቱ ሥር ያለውን መዘውር ይመታዋል፤ መዘውሩ ይዞራል፣ ከላይ ያለው ድንጋይ አብሮት ይዞራል፣ ወለሉም ከእግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል። እህሉ ከላይ ካለው የእንጨት ቋት በትንሽ በትንሹ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። በድንጋዮቹ ዳር የሚወጣው ዱቄት ለብ ያለ ነው። ተራ ሲደርሰን እጄን እሰድና በጣቶቼ መሐል ሲያልፍ እተወዋለሁ፤ እሱ ካላየኝ። ግድቡን ከአባቱ ጋር ሆኖ ሦስት በጋ ሙሉ ድንጋይ በበሬ እየጎተተ እንደሠራው የነገረኝ አባቴ ነው። "ሰውየው ክፉ ነው፤ እጁ ግን ክፉ አይደለም" ይል ነበር አባቴ።

አባቴ ሰኔ መግቢያ ላይ ታመመ፤ ሳምንት አልቆየም። አርባው የሚውለው ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ የሚባል ነገር በማይታይበት ወር። እናቴ ለአርባው ብላ ያስቀመጠችው ጤፍ ጎታ ውስጥ ነበር። የቤቱ ክዳን ያፈስስ ኖሯል፤ አባቴ ቢኖር ከዝናቡ በፊት ይደፍነው ነበር። ጎታውን ስትከፍተው ጤፉ ረጥቧል። ምድጃ ዳር ቁርበት ላይ አሰጣችው፣ በእጇ እያገላበጠች አሞቀችው፤ እኔም አብሬያት አገላበጥኩ። ከላይ የደረቀ መሰለ። ሁለት ቀን ሲቀረው በአቅማዳ ሞላችውና የጎረቤት አህያ ለምና ጫነችው። አቅማዳዋ ከእናቷ የወረሰችው የፍየል ቆዳ ነው፤ ጎኑ በቀይ ጠፍር የተሰፋ ስለሆነ ከሌላ አይምታታም።

ወፍጮ ቤት ስንደርስ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ሐዘንተኛ ናት ብለው አሳለፉን። አያ ደረበ እጁን አቅማዳው ውስጥ ከትቶ ጤፉን ዘገነና አሸው።

"እርጥብ ነው" አለ። "መልሺው።"

"አያ ደረበ፣ ተነገ ወዲያ እኮ አርባው ነው። በዚህ ወር ፀሐይ ከየት ላምጣ?" አለች እናቴ።

"ፀሐይ እኔ ነኝ? እርጥብ እህል ድንጋዬ ላይ ይለጠፋል። እሱን ፈንቅዬ እስካጸዳ ሁለት ቀን ሥራ እፈታለሁ። መልሺው አልኩ!"

"ስለ ማርያም ብለው።"

"ማርያምን ወፍጮ ቤት አታምጪያት።"

ይህን ብሎ አሸንዳውን ሊያስተካክል ወደ ውጭ ወጣ። እናቴ ጥቂት ቆመች። ከዚያ፣ በሕይወቷ ከሰው ትእዛዝ ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ አቅማዳውን አንሥታ ግማሹን ቋቱ ውስጥ ገለበጠችው። እንዳላየ ይሆንልኛል ብላ ነው፤ ወይም ምንም አላሰበችም። ብዙም ሳይቆይ የድንጋዩ ድምፅ ከበደ፣ አጓራ፣ ጭራሽ ቆመ። ሰውየው ሮጦ ገባ። ድንጋዩን በመፈንቀያ ሲያነሳው ሊጥ ሆኖ ተለጥፎበታል።

አልጮኸም። ያን ቀን ብቻ ነው ሳይጮኽ ያየሁት። ቋቱ ውስጥ የቀረውን ጤፍ በእጁ ጠርጎ ወለሉ ላይ አወረደው። ወለሉ ላይ ወደ መዘውሩ የሚያሳይ ቀዳዳ አለ፤ ከሥሩ ውኃው ይሄዳል። ጤፉን በእግሩ እየገፋ፣ ቀስ እያለ፣ በዚያ ቀዳዳ ከተተው። ከዚያ አቅማዳውን ከእናቴ እጅ ነጥቆ የቀረውን ግማሽ ገለበጠው። ጤፉ እንደ ቡናማ ጭስ ሆኖ ሲወርድ አየሁት። ባዶውን አቅማዳ እግሯ ሥር ጣለው።

ሃያ ሴት ተቀምጣ ነበር። አንዷ እንኳ "ተው" አላለችውም። ተራቸውን እንዳያጡ ፈሩ። እነሱንም እስከ ዛሬ ልቤ ላይ ይዣቸዋለሁ።

እናቴ አላለቀሰችም። አቅማዳውን አራግፋ አጠፈችና አህያዋን እየነዳች ወጣች። አቀበቱ ላይ ስንደርስ ዞር ሳትል "ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ። አርባው ቀን ጎረቤት ሁሉ አንድ አንድ ጣሳ አዋጥቶ ለካህናቱ የሚሆን ምግብ ተገኘ። ለነዳያኑ ግን ንፍሮ ብቻ ደረሳቸው። ደጃፍ ላይ ሳህን ሳጥብ፣ ያን ቀን ወፍጮ ቤት ያልነበሩ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

"ባሏን እንዲህ ትሸኘው?" አለች አንደኛዋ።

"ጨክና ነው እንጂ አጥታ አይደለም" አለች ሌላዋ።

እናቴም ሰምታለች። ጀርባዋ ሲደነድን አየሁት።

ልጅ ስለነበርኩ ነው አልልም። አስራ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ የማደርገውን ግማሹን አውቀው ነበር። ግድቡ በግራ በኩል ማስተንፈሻ ነበረው። ክንድ ሙሉ የሚያስገባ፣ የእንጨት መዝጊያ ያለው ቀዳዳ ነው። በበጋ ይዘጋል፤ በክረምት ግን አያ ደረበ ከፍቶ ይተወዋል፣ ትርፉ ውኃ በዚያ ሲወጣ ግንቡ ያርፋል። እኔ ደግሞ ውኃው እንዲተርፍ፣ ግንቡን ዘልሎ ወፍጮ ቤቱ እንዲገባ ነበር የፈለግኩት። ዱቄቱ ይርጠብበት። ድንጋዩ ይለጠፍበት። ሁለት ቀን ሥራ ይፍታ፣ አንድ ወር ይፍታ። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ሲወጣ ጠበቅኩት። ከደጁ ተነሥቶ ጋቢውን አጣፍቶ፣ በዳገቱ ከዓይኔ እስኪሰወር ከወፍጮ ቤቱ በታች ወንዙ ዳር ያለው ሾላ ሥር ተደበቅኩ። የእናቴን አቅማዳ ከተሰቀለበት ይዤ መጥቻለሁ። ከዚያ አቅማዳ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም ነበር። ሣርና ጭቃ ጠቅጥቄ ሞላሁት፣ አፉን በጠፍሩ አሰርኩ፣ ግንቡ ላይ በደረቴ ተኝቼ ወደ ቀዳዳው አወረድኩት። መግፋት አላስፈለገኝም። ውኃው ራሱ ከእጄ ነጠቀኝና ሳበው፤ እጄንም አብሮ ሊወስደው ነበር። ከወዲያ ማዶ ይፎክር የነበረው የውኃ ድምፅ ዝም አለ።

ከቀትር በኋላ የጉና ተራራ ራስ ጠቆረ። በእኛ በኩል ጠብ ያለ ነገር የለም፤ እላይ ግን በረዶ እየጣለ ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ወንዙ ዳር ሲደርስ ውኃው ሞልቶ መሻገሪያ ጠፋ። ሰው በሁለቱም ዳርቻ ተሰበሰበ። እኔ ጉብታው ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ውኃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ግንቡን ዘለለ። ወፍጮ ቤቱ በር ሲገባ ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ በጣም ደስ አለኝ።

አያ ደረበ በዚያ ሰዓት ደረሰ። የያዘውን የጨው ቋጠሮ ወርውሮ ግንቡ ላይ ወጣ። ሰው ከወዲህም ከወዲያም ጮኸ።

"ውጣ! ተወው! ነፍስህን አውጣ!"

አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ተወው። ማስተንፈሻው ጋ ደርሶ ተንበረከከ። መዝጊያውን ዳሰሰ፤ ክፍት ነው። ውኃ ግን አይወጣም። ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ ቀዳዳው ውስጥ ከተተና መሳብ ጀመረ። ፊቱን ከጉብታው ላይ ሆኜ አየሁት፤ ዱቄቱ ታጥቦ እንደ ሌላ ሰው ሆኗል። ያደረግኩት ያኔ ነው የገባኝ። "አያ ደረበ!" ብዬ ጮኽኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ግድቡ አንድ ጊዜ የተነፈሰ መሰለኝ። ከዚያ መሐሉ ተከፈተና ሦስት በጋ የተጎተተው ድንጋይ ሁሉ ሰውየውን ይዞ ገደሉን ወረደ። ወፍጮ ቤቱ ክዳኑ ሳይፈርስ፣ እንዳለ ተነሥቶ ሄደ። የቀረው አሁን ቱሪስት የሚያየው ነገር ነው፤ ውኃው በዚያ ክፍተት በቀጥታ ገደሉን ወረደ፣ ከዚያ ወዲህም አልቆመም።

አያ ደረበን ሾላው ሥር ተጠልፎ አገኙት። ጎበዛዝት በጋቢ ሰበው አወጡት። ነፍሱ አልወጣችም፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተሰባብሯል። ወጌሻ ጠገነው፣ ጠምሞ ገጠመ።

አገሩ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። "እሰይ" አለ። አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ሆና እልል እንዳለች ሰምቻለሁ። ማርያም ናት ያሉ አሉ። እናቴን ጎረቤቶቿ "የሟቹ ነፍስ ነው ፍርዱን የሰጠልሽ" አሏት፤ እሷም አንገቷን ደፋች። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ሆኖም ኅዳር ገባና አዝመራ ተሰበሰበ፣ የሚፈጭበት ግን የለም። ሴቱ ሁሉ ወደ እጅ ድንጋይ ተመለሰ። እናቴ ጎህ ሳይቀድ ትነሣና እየፈጨች ነው የሚነጋላት። መዳፏ ቆሰለ፣ ጠገገ፣ መልሶ ቆሰለ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ስታርፍ እቀጥላለሁ። ከተማው ውስጥ የሞተር ወፍጮ እስኪተከል ሁለት ዓመት ፈጨን። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ቀና አለችና "ክፉም ቢሆን ደረበ ወፍጮ ነበረው" አለች። ፊቴን አዞርኩ።

በዚያው ኅዳር፣ አንድ ጠዋት ደጃችን ላይ "ወፍጮ የሚወቀር!" የሚል ጩኸት ሰማን። የእጅ ወፍጮ ሲለሰልስ እህል አይዝም፤ በመዶሻ እየተነቀሰ መሻከር አለበት። ሥራው የደረበ ሆኗል። በዱላ ተደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ጠላቶቹ ሁሉ ዘንድ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። እናቴ ልትመልሰው ነበር፤ ግን ድንጋያችን ለስልሶ ነበርና አስገባችው። ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ነገር አውርዶ እግሯ ሥር ወረወረው። ቀይ ጠፍሩን አየሁ።

"ያንቺ ነው?" አላት።

"የኔ ነው! ጠፍቶብኝ ስፈልገው… የት አገኙት?"

"ውኃው ካመጣው ቦታ።" ዓይኑን አነሳና እኔ ላይ ተከለው። "ሣርና ጭቃ ሞልቶት ነበር። አራግፌዋለሁ።"

"አጥር ላይ አስጥቼው ጎርፍ ወስዶት ይሆናል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"ይሆናል" አለ፣ ከእኔ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል።

ከዚያ ተቀመጠ። ጠዋቱን ሙሉ ድንጋዩን ቀጠቀጠ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ስባሪው ይፈናጠራል፤ እኔ ማእዘን ይዤ የሚናገርበትን ደቂቃ እጠብቃለሁ። እናቴ ምግብ አቀረበችለት፤ ሳይመርቅ በላ። ሲጨርስ "አንቺ፣ ነይ ዳስሺው" አለኝ። መዳፌን ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ። ሻካራነቱ ቆዳዬን ነከሰኝ። "እንዲህ ነው የሚሠራ" አለና ዱላውን አንሥቶ ወጣ።

በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣ ነበር። በመጣ ቁጥር ዛሬ ይናገራል እላለሁ። አይናገርም። ያየኛል ብቻ። ገበያ ላይ ያየኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያየኛል። ከፈጣሪ ይልቅ እሱን ነበር የምፈራው። ቢናገር፣ እናቴ ብትገርፈኝ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ቢቀጣኝ በተገላገልኩ። ዝም በማለቱ ከጤፉ ይልቅ ጠላሁት።

አድጌ፣ የመምህርነት ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ ቤት ሄድኩ። እናቴ ምግብ በሰሃን ቋጥራ ሰጠችኝ።

"ደረበ አልጋ ላይ ከዋለ ሰንብቷል። የሚጠይቀው ሰው የለም። ይህን አድርሺለት።"

ወንዙ ማዶ ያለችው ጎጆው ጨለም ያለች ናት። ጠረኗ የበሽታና የአሮጌ ቁርበት ነው። ተኝቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ሳልሰብር በደንብ አየሁት፤ ጠይም፣ ፊቱ የከሳ፣ አንድ ተራ ሽማግሌ ነው።

"ማነሽ?"

"የሺ ነኝ፣ አያ ደረበ። የጥሩነሽ ልጅ። እንዴት ዋሉ?"

"አስተማሪ ሆነሻል አሉ። ምንድን ነው የምታስተምሪው?"

"አማርኛ።"

"በአፍ የሚሠራ ሥራ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰሃኑን አስቀምጬ መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም። መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ለዓመታት የደበቅኩትን ተናገርኩ።

"ማስተንፈሻውን የወተፍኩት እኔ ነኝ። ግድቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

"አውቃለሁ" አለ፣ ሳይዞር። "ሾላው ሥር ሲያወጡኝ አቅማዳውን ታቅፌው ነበር። ሰው ሁሉ የኔ መሰለው።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

ያኔ ዞረ። ሳቀ መሰለኝ፤ ሳሉ ቀደመው።

"ለማን ልናገር? ለእነዚያ? ደረበን የጣለው ማን እንደሆነ ቢያውቁ የሚገርፉሽ መሰለሽ? እልል ነበር የሚሉልሽ! በጫንቃቸው ተሸክመው ነበር የሚያዞሩሽ። ያንን ደስታ አልሰጥሽም ብዬ ነው።"

"ልጅ ነበርኩ፣ አያ ደረበ። ይቅር ይበሉኝ።"

"አልልም!" ብሎ እንደ ድሮው ጮኸ፤ ከዚያ አካል ውስጥ ያ ድምፅ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። "አባቴ ያን ድንጋይ ሲያነሳ ነው ወገቡ የተቀጨው። እዚያው ነው የሞተው። ይቅር አልልሽም። ምግቡን አስቀምጪና ሂጂ።"

ተነሣሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ያላደረግኩትን አደረግኩ።

"የአባቴን አርባ ውኃ ውስጥ የደፋኸው አንተ አይደለህም?" አልኩት። "ሃያ ሴት እያየ፣ በእግርህ እየገፋህ!"

"አንተ" ማለቴን ሰምቷል። ቅንድቡ ተንቀሳቀሰ። ምናልባት አሁን አንዲት ቃል ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትንሽ ብትንሽ የምትበቃኝን አንዲት ቃል።

"እርጥብ ነበር" አለ።

ወጣሁ። በሰባተኛው ቀን ሞተ ተባለ። ቀብሩ ላይ የዕድር ሰዎች ነበሩ እንጂ ዘመድ የሚባል አልመጣም። ይፋግ ያለችው ሚስቱ መልእክት ደርሷት ቀረች። በደረቁ ዓይኖች መሐል እናቴ ብቻ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እሷም እስክትሞት ድረስ አልነገረችኝም። ግድቡን ማን እንዳፈረሰውም ሳታውቅ ነው የሄደችው።

እኔ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። የሰጡኝን ጾም ጾሜያለሁ፣ ያዘዙኝን ስግደት አንድ ሳላጎድል ሰግጃለሁ፤ በመጨረሻም መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለውኛል። አያ ደረበ ግን እንዳሰረኝ ሄደ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ እሱን አልፈታሁትም።